ፎርማት ካደረግኩ በኋላ ዋይፋዩ ጠፋ፤ ድራይቨሩን ያለ ኢንተርኔት በምን ላምጣው?

ጥያቄ፦ የሆጤዋ
ሰላም ጀማው። ደሴ ላይ ትንሽ የጽሕፈትና የፎቶኮፒ ቤት አለችኝ። ላፕቶፔ ኤችፒ ፕሮቡክ ነው። በጣም ስለተንቀራፈፈብኝ ፎርማት አድርጌ ዊንዶውስ 10 በፍላሽ ጫንኩበት። አሁን ፍጥነቱ ግሩም ነው። ግን ዋይፋይ የለም፤ ድምፅ የለም፤ ስክሪኑ ላይ ሁሉም ነገር ገዝፏል፤ ብርሃኑም አልቀንስ አለኝ። ድራይቨር (ዊንዶውስ እያንዳንዱን ዕቃ እንዲያሠራ የሚያደርገውን ፕሮግራም) አውርጂ ይሉኛል፤ ኢንተርኔት ሳይኖር በምን ላውርደው? የኔትወርክ ገመድ እኔ ጋ የለም። ዲቫይስ ማኔጀር (የላፕቶፑ ዕቃዎች ዝርዝር) ውስጥ ቢጫ ምልክት ያለባቸው እነዚህ ናቸው፦ ኔትወርክ ኮንትሮለር፣ ኤስኤም ባስ ኮንትሮለር፣ ፒሲአይ ሲምፕል ኮሙኒኬሽንስ ኮንትሮለርና አንድ አንኖውን ዲቫይስ። የተማሪዎች የመመረቂያ ጽሑፍ ይዣለሁ፤ እባካችሁ ቶሎ በሉልኝ።

የጦሳ ልጅ
አብሽሪ እህቴ። አንድሮይድ ስልክ ካለሽ ኢንተርኔት አለሽ ማለት ነው። ስልኩን በቻርጀሩ ገመድ ከላፕቶፑ ጋር አገናኚው። ከዚያ የስልኩ ሴቲንግ ውስጥ ሆትስፖት ያለበት ቦታ ገብተሽ ዩኤስቢ ቴዘሪንግ (የስልኩን ኢንተርኔት በገመድ ለኮምፒውተር ማካፈያ) የሚለውን አብሪ። ዊንዶውስ 10 ስልኩን እንደ ኔትወርክ ካርድ ይቆጥረዋል፤ አብዛኛውን ጊዜ ሌላ ድራይቨር አይጠይቅም። ቴዘሪንጉ ደብዝዞ አልነካ ካለ ገመዱን ቀይሪ። አንዳንዱ ርካሽ ገመድ ቻርጅ ከማድረግ ውጪ ዳታ አያስተላልፍም።

ቦርከና
ልክ ነው፤ ግን ፓኬጅሽን ጠብቂ። ግንኙነቱ እንደተከፈተ ዊንዶውስ አፕዴቱን ሳይነግርሽ መጎተት ይጀምራል። ቶሎ ብለሽ ኔትወርክ ሴቲንግ ውስጥ ሚተርድ ኮኔክሽን (ዳታ ቆጣቢ ግንኙነት) የሚለውን አብሪ። ወይም ስልኩን ከሆነ ዋይፋይ ጋር አያይዢው፤ በገመዱ በኩል ለላፕቶፑ ያቀብለዋል።

አሁን ወደ ቢጫዎቹ። ኔትወርክ ኮንትሮለር የሚለው ዋይፋይሽ ነው። ኤስኤም ባስ የቺፕሴት (የማዘርቦርዱ ዋና ቺፖች) ድራይቨር ሲጫን ይጠፋል። ሲምፕል ኮሙኒኬሽንስ የሚለው ደግሞ የኢንቴል ማኔጅመንት ኢንጂን የሚባለው የቺፕሴቱ ክፍል ነው። ስክሪኑ የገዘፈው የግራፊክስ ድራይቨር ስለሌለ ነው፤ ዊንዶውስ ለጊዜው በራሱ ቤዚክ ዲስፕሌይ እያሠራሽ ነው። ብርሃኑ የማይቀንሰውም በዚሁ ምክንያት ነው።

አንኖውን የሚለውን በግምት አትንኪው። ራይት ክሊክ አድርገሽ ፕሮፐርቲስ፣ ቀጥሎ ዲቴይልስ ግቢ፤ ከዝርዝሩ ሃርድዌር አይዲስ የሚለውን ምረጪ። ቬን (VEN) የሚል ካለ ከጎኑ ያለው ቁጥር አምራቹን ይነግርሻል፦ 8086 ኢንቴል፣ 1002 ኤኤምዲ ነው። ዴቭ (DEV) የሚለው ዕቃውን ራሱን ይለያል።

ድራይቨሮቹን ከኤችፒ ድረ ገጽ አውርጂ። ላፕቶፑ ሆድ ላይ ወይም ባትሪው ሥር የተለጠፈውን ሲሪያል ቁጥር ስታስገቢ የራስሽን ሞዴል ያወጣልሻል። ዊንዶውሱ 64 ቢት ይሁን 32 መጀመሪያ አረጋግጪ። ቺፕሴቱን አስቀድሚ፣ ከዚያ ግራፊክስ፣ ድምፅ፣ ዋይፋይ። ካቃተሽ ላፕቶፑን አምጪው፣ ኮምቦልቻ ነኝ፤ ግን ለዚህ የሐረጎን ቁልቁለት መውረድ የሚያስፈልግሽ አይመስለኝም።

ሸዋ በር
ምን አደከማችሁ? ሁሉንም በአንድ ክሊክ የሚጭን ፕሮግራም አለ እኮ፤ በፍላሽ እሰጣታለሁ።

ቦርከና
ወንድሜ፣ እሱን ነገር እባክህ ተወው። ከድራይቨሩ ጋር ያልጠየቅከውን ብራውዘርና አንቲቫይረስ ይዞልህ ይመጣል። አንዳንዴም የማይገጥም ድራይቨር ጭኖ ሰማያዊ ስክሪን (የዊንዶውስ የብልሽት ገጽ) ያሳይሃል። የሰው ጽሑፍ ያለበት ማሽን ላይ እንዲህ ያለ ሙከራ ምን ይሠራል? ይልቅ ዊንዶውስ አፕዴት ውስጥ ኦፕሽናል አፕዴትስ የሚል አለ፤ የጎደሉ ድራይቨሮች እዚያ ብዙ ጊዜ ይገኛሉ።

የጦሳ ልጅ
በቅደም ተከተሉ እንኳ አልስማማም። እኔ ብሆን ዋይፋዩን አስቀድማለሁ፤ ፋይሉ ከግራፊክሱ በብዙ ያንሳል። ግራፊክሱን በስልክ ዳታ ማውረድ ኪስ ይጎዳል። ቴዘሪንጉ ጨርሶ እምቢ ካለሽም የዋይፋዩን ፋይል በስልክሽ አውርጂና በገመድ ወደ ላፕቶፑ ኮፒ አድርጊው።

የሆጤዋ
ጀዛኩሙላህ ኸይረን! ገመዱን ስቀይር ወዲያው ሠራ። የጦሳ ልጅ እንዳለው ዋይፋዩን አስቀደምኩ፤ ቀሪውን ጎረቤት ካፌ ቁጭ ብዬ አወረድኩ። ድምፁም ስክሪኑም ተስተካከለ። አንኖውን ዲቫይስ ብቻ ቀርቷል፤ ቬን የሚል የለውም። ኤሲፒአይ ይልና ኤችፒኪው 0004 ይላል። ምንድን ነው?

ቦርከና
እሱ የኤችፒ የሃርድ ዲስክ መከላከያ ነው። ላፕቶፑ ሲወድቅ ንቅናቄውን አውቆ ዲስኩ እንዳይጫር የሚያደርግ ሴንሰር አለው። ኤችፒ ገጽ ላይ ስሪዲ ድራይቭጋርድ (3D DriveGuard) በሚል ታገኚዋለሽ። የሚሽከረከረው ዓይነት ሃርድ ዲስክ ከሆነ ጫኚው። ኤስኤስዲ (የማይሽከረከረው) ከሆነ ብትተዪውም አይጎዳሽም፤ ቢጫው ብቻ ዓይንሽን ያስቸግርሻል።