የሞተር ሻንሲ ላይ ያለ ፓውደር ኮቲንግ ቤት ውስጥ በምን ይነሳል?

ማርቆስ ሞተር፦
ሰላም ወገን። ደብረ ማርቆስ ነኝ። ሁለተኛ እጅ ሞተር ገዝቼ፣ አሄዱ ላይ ቅሬታ የለኝም፣ ግን የቀድሞ ባለቤቱ ሻንሲውንም ቸርኬውንም ቀይ ፓውደር ኮቲንግ አስቀብቶታል። አሁን ሻንሲው ብየዳው አካባቢ እየተነሳ ነው። በጥፍር ስትጎትተው እንደ ፕላስቲክ ይላጣል፣ ሥሩ ዝገት ብቻ። ሌላው ቦታ ደግሞ ንቅንቅ የለም። ቲነር ሞከርኩ፣ ቤንዚን ሞከርኩ፣ ጭራሽ ታጥቦ አማረበት። አንዱ ጎረቤት ሳሙና የሚሠሩበትን ኮስቲክ ሶዳ በርሜል ውስጥ በጥብጠህ ንከረው ይለኛል፣ ሌላው እሳት ላይ ጣለው ይላል። እኔ ያለኝ ግራይንደርና ሽቦ ብሩሽ ነው። ክረምቱ ሳይገባ መጨረስ እፈልጋለሁ፣ ምን ትሉኛላችሁ?

ጋራዥ ነው ቤቴ፦
ቲነር አያነሳውም ወንድሜ፣ አትድከም። ይሄ በቲነር ተበጥብጦ የተረጨ ቀለም አይደለም። ደረቅ ዱቄት በኤሌክትሪክ ተስቦ ብረቱ ላይ ይለጠፍና ምድጃ ገብቶ 180፣ 200 ዲግሪ አካባቢ ሲጋገር ቀልጦ እርስ በርሱ ይያያዛል፤ አንዴ ከበሰለ በኋላ መልሶ አይሟሟም።

መጀመሪያ ማግኔት ፈልግ። ሻንሲው ላይ ይይዛል፣ ብረት ነው። ቸርኬው ላይ ካልያዘ አሉሚኒየም ነው፣ እና ሁለቱን በአንድ መንገድ እንዳትነካቸው። ኮስቲክ አሉሚኒየም ይበላል። እየተንተከተከ ሃይድሮጅን ያወጣል፣ እሱ ደግሞ ክብሪት ካገኘ ይነዳል። እሳቱንማ ተወው። አሉሚኒየም ቸርኬ ጥንካሬውን የሚያገኘው ፋብሪካ ውስጥ በሙቀት ታክሞ ነው፤ ከ200 ዲግሪ በላይ ሞቆ ከቆየ ይለሰልሳል፣ በዓይን ደግሞ አይታወቅም። ደጀን ቁልቁለት ላይ እንዲታወቅህ አትፈልግም።

ቀለም ቤት ሠራተኛ፦
የቀለም ማንሻ የሚባል ጄል አለ፣ የቀለምና የኬሚካል መደብሮች ጠይቅ። አጠቃቀሙ ላይ ግን ሰው ይቸኩላል። በስሱ ቀብቶ ወዲያው መፋቅ ይጀምርና “አይሠራም” ይላል። በወፍራሙ ቀባው፣ በላስቲክ ጠቅልለው እንዳይተን፣ ተወው። ሲሠራ ታየዋለህ፤ ፊቱ ይጨማደድና እንደ ፈላ ወተት ስልባቦት ከብረቱ ይነሳል። በእንጨት ወይም በፕላስቲክ ፋቀው፣ የቀረው ላይ ድገም፣ መጨረሻ በውሃ እጠብ። ኩሽኔታ፣ ጎሚኒ፣ ፕላስቲክ ነገር ሁሉ ቀድሞ ይውጣ፣ ይበላዋል።

ጣሳው ላይ ያለውን አንብብ። ዳይክሎሮሜቴን ካለበት ፈጣን ነው፣ ግን ክፉ ነው። ትነቱ ከአየር ይከብዳል፣ ወለል ላይ ይተኛል፣ ሰውነት ውስጥ ሲገባ ወደ ካርቦን ሞኖክሳይድ ይቀየራል። ሰው ገድሏል፣ አሜሪካም አውሮፓም ለተራ ሰው ለቀለም ማንሻነት እንዳይሸጥ ከልክለዋል። ቤንዚል አልኮል ያለበት ዝግተኛ ቢሆንም የተሻለ ነው። የትኛውም ቢሆን ግቢ ውስጥ፣ ነፋስ ባለበት፣ ልጆች ሳይኖሩ ሥራ። ያቺ የሐኪም ቤት ስስ ጓንት ደግሞ ምንም አታደርግልህም።

ቡሬ፦
ግራይንደር ካለህ ለሻንሲው ይበቃሃል ባይ ነኝ። ሽቦውን ግን ዝቅ ባለ ፍጥነት፣ ካልሆነ ቀለሙ ይሞቅና እንደ ማስቲካ ይለጠፋል። መነጽር ሳታደርግ እንዳትነካው፣ ሽቦው ይበጠስና ይወረወራል። አሉሚኒየም ላይ የብረት ሽቦ አትጠቀም፣ የብረት ብናኝ ይተውበትና በኋላ ዝገት ነጠብጣብ ያወጣል።

አንድ ነገር ደግሞ፦ የሻንሲ ቁጥሩን አደራ! ከሞረድከው ለቦሎ ስትሄድ የሞተር ሌባ ትመስላለህ። እዚያ ጋ በእጅ፣ በጄል ብቻ።

ጋራዥ ነው ቤቴ፦
ቡሬ ልክ ነው። አሸዋ የሚነፉ ብረታ ብረት ቤቶች ካገኘህም ለሻንሲ ከሁሉም ንጹሕ እሱ ነው። ራሴ በኮምፕረሰር እነፋለሁ እንዳትል፣ የአሸዋ ብናኝ ውስጥ ያለው ሲሊካ ሳንባ ውስጥ ይቀራል።

በዚያ ላይ እኮ ሁሉን ማንሳት የለብህም። በጥፍር የሚነሳውን አንሳ፣ ጠርዙ እጅ እስከማይዝ በብርጭቆ ወረቀት አለስልስ፣ ጥብቅ ያለውን ደግሞ አንጸባራቂነቱ እስኪጠፋ ፋቅ ፋቅ አድርገህ ቀባበት። ቸርኬው ካልተላጠ ምን አደረገህ?

ማርቆስ ሞተር፦
ኑሩልኝ። ቸርኬውን አልነካውም በቃ። ሻንሲውን ግን ሙሉ በሙሉ አነሳዋለሁ፣ ዝገቱ የት እንደደረሰ ሳላይ እንቅልፍ አይወስደኝም። አንቲረስቱን በማግስቱ ብቀባው ችግር አለው?

ቡሬ፦
አለው እንጂ። የተራቆተ ብረት ነው፣ አንድ ሌሊት ጤዛ ካገኘው ጠዋት ብርቱካን ሆኖ ታገኘዋለህ። ጠዋት ጀምር፣ በደንብ አድርቅ፣ በዚያው ቀን ቀባው። በእጅህም አትደባብሰው፣ ላብ ቀለም አያስይዝም።

ማርቆስ ሞተር፦
ገባኝ። ቅዳሜ እጀምራለሁ፣ ጎረቤቴን ከነኮስቲኩ ሸኝቼዋለሁ።