የቹልፓን ኻማቶቫ ነገር፦ ያስወቅሳታል ወይስ አያስወቅሳትም?

መጋረጃ፦ ሰላም ቤተሰብ። የዛሬው ክርክር ስለ ሩሲያዊቷ ተዋናይት ቹልፓን ኻማቶቫ ነው። ታታር ናት፣ የካዛን ልጅ። ከ1998 ጀምሮ በሞስኮው ሶቭሬመኒክ ቲያትር ሠርታለች (ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው)። «ጉድ ባይ ሌኒን!» የሚለውን የጀርመን ፊልም ያያችሁ ነርሷን ላራን ታስታውሷታላችሁ። እሷ ናት። በ2006 ከተዋናይት ዲና ኮርዙን ጋር ካንሰር ለያዛቸው ሕፃናት የእርዳታ ድርጅት አቋቋመች። በ2012 ግን ለፑቲን የምርጫ ቅስቀሳ ቪዲዮ ሠራች፤ ለሕፃናቱ የገባውን ቃል ጠብቋልና እመርጠዋለሁ አለች። እህስ?

ሐቅ ፈላጊ፦ ያስወቅሳታል እንጂ! በዚያ ክረምት የሞስኮ ሰው ምርጫው ተጭበርብሯል ብሎ በብርድ አደባባይ ወጥቶ ነበር። ሕዝብ በመድረክ ላይ አይቶ ያመነውን ፊት ለባለሥልጣን አከራየችው።

የማታ ተረኛ፦ ወንድሜ፣ እኔ የምሠራው የሕፃናት ክፍል ነው። አንድ ሌሊት መድኃኒት አልቆብን አባትየው በየፋርማሲው ሲዞር አደረ። ሲነጋ ባዶ እጁን መጣ። ማዘዣው እጁ ላይ በላብ ርሶ ጽሑፉ ጠፍቷል። ያኔ አንድ ባለሥልጣን «ቪዲዮ ሥሪልኝና መድኃኒቱን ልስጥሽ» ቢለኝ ጋዋኔን እንኳ ሳላወልቅ ካሜራው ፊት እቆም ነበር። በ2011 ሞስኮ ላይ የተከፈተው ትልቅ የሕፃናት ካንሰር ማዕከል ዲማ ሮጋቼቭ በሚባል ልጅ ስም ነው የተሰየመው። ሉኪሚያ ነበረበት። ከፑቲን ጋር ፓንኬክ መብላት ተመኝቶ ምኞቱ ተሳክቶለታል። ልጁ ግን በ2007 ሞተ።

ሐቅ ፈላጊ፦ ነፍሱን ይማር። ግን እህቴ፣ ሆስፒታል መሥራት የመንግሥት ግዴታ አይደለም እንዴ? በሕዝብ ግብር ለተሠራ ነገር ምስጋናው ለምን ለአንድ ሰው ይሰጣል? በሬ ካራጁ ይውላል ማለት ይኼ ነው።

መጋረጃ፦ ይቺ ነጥብ ጠንካራ ናት። እዚያም ያኔውኑ ተነሥታለች። በ2012 በሩሲያው የኒካ ፊልም ሽልማት ላይ የቴሌቪዥን አቅራቢዋ ክሴኒያ ሶብቻክ መድረክ ላይ ይዛ፣ የእርዳታ ሥራው ባይኖር ኖሮ ፑቲንን ትደግፊው ነበር ወይ ብላ ጠየቀቻት። ተዋናዩ ዬቭጌኒ ሚሮኖቭ ነው ተነሥቶ የተከላከለላት። በ2022 የዩክሬን ጦርነት ሲጀመር ግን ተቃውማ ላትቪያ ቀረች። ሪጋ ላይ መሥራት ጀመረች።

ሐቅ ፈላጊ፦ ከአሥር ዓመት በኋላ! ሰውየው እሷ በተበደረችለት እምነት ሲጠቀም ኖሮ።

የማታ ተረኛ፦ አገሯን፣ ቋንቋዋን፣ ቲያትሯን ጥላ ነው የቀረችው። ለተዋናይ ቀላል መሰለህ? ያቋቋመችው ድርጅት ደግሞ እሷ ከሄደችም በኋላ ሕፃናት ማሳከሙን ቀጥሏል።

ሐቅ ፈላጊ፦ እሺ አንቺን ልጠይቅሽ። ያ ባለሥልጣን ተመልሶ «አሁን ደግሞ ለጦርነቱ ሥሪልኝ፣ መድኃኒቱን እጥፍ አደርገዋለሁ» ቢልሽስ?

የማታ ተረኛ፦ ለጦርነትማ አልሠራም።

ሐቅ ፈላጊ፦ ሕፃናቱስ?

የማታ ተረኛ፦ ...ደወል ተደወለ፣ ተረኛ ነኝ። እሷም ግን እዚያ ላይ ነው እምቢ ያለችው።