«መከራ ይምከረው» ለተጎዳ ሰው ይባላል?

«ምከረው ምከረው፣ እምቢ ካለ መከራ ይምከረው» የሚለው ተረት በጦርነት ለተጎዳ ክርስቲያን ይባላል ወይ ላላችሁት፣ በጭራሽ አይባልም። ተረቱ የተሠራው ምክር አልሰማ ላለ ሰው ነው። ቤቱ በመድፍ የፈረሰበት ሰው ማንን እምቢ አለ?

ግን ቃሉ ራሱ ትንሽ ያስቸግራል። በአማርኛ መከራ ስንል ስቃይ ማለታችን ነው። በግእዝ «አመከረ» ፈተነ ነው፣ «መከራ»ም ፈተና። ዘፍጥረት 22 ላይ እግዚአብሔር አብርሃምን ፈተነው የሚለው በግእዙ «አመከሮ» ነው። ስለዚህ ቃሉን ስንጠራው ሳይታወቀን ማብራሪያም አብሮት ይገባል፤ ፈታኝ አለ፣ ትምህርት አለ፣ ውጤት አለ። ልጇ በጦርነት የሞተባትን እናት ሊያጽናኑ ከገቡት አንዱ «ፈተና ነው፣ ቻይው» ሲላት ሰምቻለሁ። ቀና ብላ አየችውና «እኔን ለመፈተን ነው እሱ የሞተው?» አለችው። ሰውዬው አቀርቅሮ ጫማውን ማየት ጀመረ።

የኢዮብ ወዳጆችም እንዲሁ ናቸው። ሰባት ቀንና ሰባት ሌሊት ዝም ብለው አብረውት መሬት ላይ ተቀመጡ፣ እስከዚያ አሪፍ ነበሩ። ነገር የተበላሸው አፋቸውን ከፍተው «ንጹሕ ሆኖ የጠፋ ማን ነው?» ማለት ሲጀምሩ ነው። መጨረሻ ላይ (42፥7) የእግዚአብሔር ቁጣ የነደደው በነሱ ላይ ነው፣ የተወለደበትን ቀን በረገመው በኢዮብ ላይ አይደለም። (በነገራችን ላይ «የኢዮብን ትዕግሥት ይስጥህ» የምንል ሰዎች ምዕራፍ 3ን የምናነብ አይመስለኝም።)

ታዲያ ምን እንበል? የኔ ምርጫ «አቤቱታ» ነው። ሲጠሩን አቤት እንላለን፤ የተበደለም ዳኛ ፊት ቆሞ አቤት ይላል። የመጽሐፍ ቅዱሱ «አቤቱ»ም ከዚሁ ሰፈር ነው። ዕንባቆም ግፉን አይቶ «አቤቱ፥ እኔ ስጮኽ የማትሰማው እስከ መቼ ነው?» ይላል። ምክንያት አልደረደረም፣ ትምህርትም አላወጣለትም። የሚከሰው የሚለምነውን ራሱን ነው፣ ይሄ ለኔ ከ«ፈተና ነው» የበለጠ እምነት ያለበት አነጋገር ነው።

ኢየሱስ በመስቀል ላይ ሆኖ የጮኸውን «ኤሎሄ ኤሎሄ ላማ ሰበቅታኒ»ን ትርጉሙን ለጠየቀው ደግሞ፣ ቋንቋው አራማይክ ነው። አምላኬ አምላኬ ለምን ተውኸኝ ማለት ነው፣ የመዝሙር 22 (በግእዙ 21) መጀመሪያ። ማርቆስ እንደሚለው እዚያ ከቆሙት አንዳንዶቹ ኤልያስን የጠራ መስሏቸው ነበር።