መስኮቱን ብንከፍት አቧራ፣ ብንዘጋው ጉም

ረዳቷ፣ አዳማ
በአንድ የጥርስ ክሊኒክ በረዳትነት ስሠራ አራተኛ ዓመቴ ነው። የማከሚያ ክፍላችን ጠባብ ነው፤ ያለው አንድ መስኮትም ባጃጅ ወደሚመላለስበት ኮረኮንች መንገድ ይከፈታል። የአዳማን ነፋስ የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ትንሽ ገርበብ ካደረግነው የመሣሪያው ትሪ አቧራ ይለብሳል። ስለዚህ ዘግተን እንሠራለን።

ባለፈው ሳምንት አመሻሽ ላይ ሐኪሙ በአልትራሳውንድ ማጽጃ (እየተንቀጠቀጠና ውሃ እየረጨ በሚያጸዳው መሣሪያ) ጥርስ ሲያጥቡ ፀሐይ በመስታወቱ ገብታ ነበር። ከታካሚዋ አፍ የሚወጣው ጉም ከመብራቱ በላይ ሲንሳፈፍ በዓይኔ አየሁት። የፊት መከላከያዬን ሳወልቅ ደቃቅ ነጠብጣብ ሞልቶታል፤ አንዳንዱ ሮዝ ነው። ከአሥር ደቂቃ በኋላ ሌላ ታካሚ እዚያው ወንበር ላይ ተቀመጠ። እቤት ሁለት ዓመት ያልሞላት ልጅ አለችኝ። ምን ይሻለኛል?

የጥርስ ሐኪም፣ ሐዋሳ
እህቴ፣ ከመስኮቱ በፊት መምጠጫችሁን እዪው። ምራቅ የሚስበው ቀጭን ቱቦ ጉሙን አይዝም። አፉ 8 ሚሊ ሜትር ገደማ የሚሰፋው ኃይለኛ መምጠጫ ግን፣ ከሚጸዳው ጥርስ አጠገብ በደንብ ከተያዘ፣ እስከ 90 በመቶ የሚሆነውን ጉም እዚያው ያስቀረዋል። እሱን መያዝ ደግሞ ያንቺ እጅ ሥራ ነው። ታካሚው አስቀድሞ ክሎርሄክሲዲን በሚባለው ተዋህሲያን ገዳይ የአፍ ማጠቢያ ይጉመጥመጥ፤ ባክቴሪያውን ይቀንሰዋል። የሚያስል ሰው ከመጣና ሥራው አስቸኳይ ካልሆነ መጀመሪያ ለሳንባ ነቀርሳ ይመርመር። ተራው ማስክ በጎኑ አየር ያስገባልና ፊት ላይ ገጥሞ ደቃቁን ብናኝ የሚያጣራውን ኤን 95 ማስክ ጠይቂ።

የሕክምና መሣሪያ ጠጋኝ፣ አዳማ
ትልልቁ ጠብታ ወዲያው ይወርዳል፤ ከ5 ማይክሮን (ማይክሮን የሚሊ ሜትር አንድ ሺኛ ነው) በታች የሆነው ግን ተንሳፍፎ ይቆያል። አየሩ በሰዓት 6 ጊዜ በሚቀየርበት ክፍል እንኳ 99 በመቶው እስኪወጣ 46 ደቂቃ ይፈጃል፣ 12 ጊዜ ከተቀየረ 23 ደቂቃ። በዝግ ክፍል አሥር ደቂቃ ፈጽሞ አይበቃም።

መስኮቱ ላይ አየር ወደ ውጭ የሚገፋ ማራገቢያ አስገጥሙ። ንጹሕ አየር ከመጠበቂያው ክፍል በኩል ይሳባል፤ ጉሙ ወደ ተረኞች አይሄድም፣ አቧራውም ወደ ውስጥ አይነፍስም። የአዳማ ነፋስ መልሶ እንዳይገፋው ከውጭ የቆርቆሮ ከለላ ያስፈልገዋል።

ረዳቷ፣ አዳማ
ሰፊው መምጠጫ አለን! ማጣሪያው ተደፍኖ ስለማይስብ ትተነው ኖሯል። አጠብኩት፤ ዛሬ ሦስት ሰው ሲታጠብ እኔው ይዤ ዋልኩ። የማራገቢያውን ነገር ለባለቤቱ ነግሬአለሁ፣ ዋጋ እያጠያየቀ ነው። ማታ የፊት መከላከያዬን ወደ መብራቱ አነሣሁት፤ ነጠብጣቡ አሥር አይሞላም።