ፍሪጁ ውስጥ ምሳ ዕቃ ካለበት ፋርማሲ ኢንሱሊን ገዛሁ፣ ለእማዬ ልስጣት ወይስ ልጣለው?

የእማዬ_ልጅ፦
ሰላም ቤተሰብ፣ እናቴ ስኳር አለባት ሚክስታርድ የሚባለውን ኢንሱሊን ነው ጠዋትና ማታ የምትወጋው። ሁሌ የምንገዛበት ቦታ አልቆባቸው ትናንት ሰፈር ካለ ፋርማሲ ሁለት ብልቃጥ ገዛሁ፣ ልጅቷ ፍሪጁን ስትከፍተው ምን አየሁ መሰላችሁ፣ ኢንሱሊኑ በሩ ላይ ተደርድሯል ከጎኑ ሁለት ሚሪንዳ፣ ከታች ደግሞ የራሳቸው ምሳ ዕቃ። መብራት ሄዶ ነበር እንዴ ስላት "ጠዋት ሄዶ ነበር፣ መጥቷል" አለችኝ፣ ስንት ሰዓት ቆየ ስላት ሳቀች። እቤት ገብቼ ሳስበው ከበደኝ። ልመልሰው ብል ከበር የወጣ መድኃኒት አይመለስም የሚል ወረቀት ለጥፈዋል፣ ዋጋው ደግሞ የምታውቁት ነው። መበላሸቱ በዓይን ይታወቃል? እማዬማ "ቀዝቅዞ ከመጣ ምን ትፈልጊያለሽ" ነው የምትለኝ።

ነጭ_ጋወን፦
እኔም ሰፈር ፋርማሲ ውስጥ ነው የምሠራው ፋርማሲስት ነኝ። አትደንግጪ። ያልተከፈተ ኢንሱሊን ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ነው መቀመጥ ያለበት፣ ግን መብራት ጥቂት ሰዓት ስለጠፋ ብቻ ወዲያው አይበላሽም፣ የተከፈተውማ ፀሐይ ካልነካውና ሙቀቱ ከ30 ዲግሪ ካላለፈ አራት ሳምንት ገደማ ውጪ ይቀመጣል (ሳጥኑ ውስጥ ያለውን ወረቀት እዪ፣ እንደ ዓይነቱ ይለያያል)። እኔን ከሙቀቱ ይልቅ በረዶው ነው የሚያስፈራኝ። ፍሪዘሩ ሥር ተለጥፎ አንዴ በረዶ የሆነ ኢንሱሊን ቢቀልጥም አለቀለት፣ ይጣላል። ሚክስታርድ ደፍራሽ ስለሆነ በሁለት እጅሽ መሀል ቀስ አርገሽ አንከባሊው፣ እንደ ወተት እኩል ካልሆነ፣ ከጓጎለ ወይ ብልቃጡ ግድግዳ ላይ አመዳይ የመሰለ ነገር ከተለጠፈ እንዳትሰጫቸው። ደህና መስሎ ኃይሉ የቀነሰ ግን በዓይን አይያዝም፣ ስለዚህ ስኳራቸውን ቶሎ ቶሎ ለኩላቸው፣ ምግባቸውም የሚወጉት መጠንም ሳይቀየር ስኳሩ ከወጣ ብልቃጡን ቀይሪና ለሐኪማቸው ንገሪ፣ መጠኑን በራሳችሁ እንዳትጨምሩ።

የፍሪጁ ነገር ግን ጥፋት ነው። የመድኃኒት ፍሪጅ ውስጥ ምግብ አይገባም፣ በሩም ለመድኃኒት አይሆንም በተከፈተ ቁጥር ይሞቃል። ቴርሞሜትር ተሰክቶበት በቀን ሁለቴ እየተነበበ ወረቀት ላይ ይጻፋል፣ ኢንስፔክተር ሲመጣ እኛ ጋ መጀመሪያ የሚያየውም እሱን ነው። እውነቱን እናውራ ከተባለ የሰላሳ ቀኑ ቁጥር በአንድ እስኪሪብቶ በአንድ ቁጭታ 5፣ 5፣ 5 ተብሎ የተሞላ ወረቀትም በዓይኔ አይቻለሁ። አይመለስም የሚለው ግን ክፋት አይደለም፣ እቤትሽ የት እንዳስቀመጥሽው ስለማናውቅ መልሰን ለሌላ ሰው መሸጥ አንችልም። የጥራት ቅሬታ ግን ሌላ ነው፣ እሱን መስማት አለባቸው።

ድሬ_ነኝ፦
እኛ ጋ ሙቀቱን ታውቁታላችሁ። አባቴ ፍሪጅ ሳንገዛ በፊት ውሃ የሚያርከፈክፍበት ገንቦ ውስጥ ነበር የሚያስቀምጠው። አሁን ልገዛ ስሄድ ፔርሙዝ ይዤ ነው የምሄደው፣ በረዶ እጨምርበታለሁ ግን ብልቃጡን በጨርቅ እጠቀልለዋለሁ በረዶውን እንዳይነካ። ፋርማሲው ከፍሪጅ አውጥቶ በባዶ ፌስታል ሲሰጥሽ ዝም ብለሽ መቀበል የለብሽም።

ቶላ_ሰፈር፦
ወገን ሚሪንዳው ባይኖር ጥሩ ነበር፣ ግን የኪራዩንና የጄኔሬተሩን ወጪ አስቡት። ትንሽ ፋርማሲ ሁለት ፍሪጅ ከየት ያምጣ?

ነጭ_ጋወን፦
@ቶላ_ሰፈር ሁለተኛ ፍሪጅ ማን አለ፣ ምሳውን ውጪ ያስቀምጡት ነው እኮ የምንለው 😅 ጄኔሬተር ከሌላቸው ደግሞ መብራት ሲሄድ ፍሪጁን አለመክፈት በነፃ ነው። እህቴ ቀድመሽ ባለሙያውን አነጋግሪ፣ ካልሰሙሽ 8482 የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ነፃ መስመር ነው፣ አዲስ አበባ ከሆንሽ የከተማው ባለሥልጣንም አለ።

የእማዬ_ልጅ፦
አመሰግናለሁ ሁላችሁንም። ዛሬ ተመልሼ ሄድኩ፣ ልጅቷ የለችም፣ ፋርማሲስቱ ነበር። ሳልቆጣ ቴርሞሜትራችሁን አሳየኝ አልኩት፣ ትንሽ ቆም ብሎ መሳቢያ ከፍቶ አወጣው፣ ከነላስቲኩ። ብልቃጦቹን ሳይከራከረኝ ተቀበለኝና ብሬን መለሰልኝ፣ እዛው ቆሜ እያለሁ ምሳ ዕቃውን አውጥቶ ወንበር ላይ አስቀመጠው። ሚሪንዳዎቹ ግን አሁንም በሩ ላይ ናቸው።