እህቴ ታማለች፣ «ልጆቿን ለማሳደጊያ ስጡ» እያሉን ነው። ከእሷ ሳይለዩ የሚረዳን አለ?

የሽምብጧ (ጠያቂ)
ሰላም ወገኖች። ባህር ዳር ሽምብጥ ነው ያለነው። ታላቅ እህቴ አሳ ጠብሳ እየሸጠች ሁለት ልጆች ታሳድጋለች። ወንዱ 9 ዓመቱ ነው፣ ትንሿ 4። አባታቸው ለሰሊጥ ሥራ መተማ እንደወረደ ቀረ። ስልኩ አንዳንዴ ይጠራል፣ አያነሳም። አሁን ቲቢ ተገኘባትና መድኃኒት ጀመረች፣ ሥራ አቆመች፣ ኪራይ ተጠራቀመባት። አንድ የምናውቀው ሰው «ልጆቹም ይያዛሉ፣ ማሳደጊያ ወይ ማደጎ ቤተሰብ ጋ ይግቡ፣ እኔ አገናኛችኋለሁ፣ እናንተ ፈርሙ ብቻ» ይላል። እኔ ሰው ቤት ነው የምሠራው፣ የምገባው ማታ ነው። ከየት ልጀምር?

ነርሷ
አይዞሽ እህቴ። ለቲቢ ተብሎ ልጅ አይሰጥም። ሕክምናው በመንግሥት ጤና ጣቢያ በነፃ ነው፤ የተለመደው ዓይነት ከሆነ 6 ወር ይፈጃል። መድኃኒቱን ሳታቋርጥ ከወሰደች ወደ ሌላ የማስተላለፏ ነገር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ በጣም ይቀንሳል። ሁለቱም ልጆች ግን መመርመር አለባቸው። ትንሿ ከ5 ዓመት በታች ስለሆነች፣ በሽታው ባይገኝባትም መከላከያ መድኃኒት ይሰጣታል። መስኮት ክፈቱ፣ ስታስል አፏን ትሸፍን። አንድ ክፍል ብቻ ከሆነ ቢያንስ መኝታቸውን ለዩት። ሳህንና ብርጭቆ መለየት አያስፈልግም፣ በዕቃ አይተላለፍም። (በዚህ ስንት ሰው ተገልሏል!)

ጠበቃው
ምንም ወረቀት እንዳትፈርሙ። አንቺ አክስት ነሽ፤ እናታቸው እያለች በአንቺ ፊርማ ልጆቹ ለማንም አይሰጡም። ጉዲፈቻ ፍርድ ቤት የሚያጸድቀው ነገር ነው፣ በአገናኝ አያልቅም። ሰውየው «ውጭ አገር ይሄዳሉ» ካለሽማ በሩን አሳዪው፤ ለውጭ ዜጋ ልጅ በጉዲፈቻ መስጠት በ2010 ዓ.ም. ቀርቷል። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 36 ላይ ሕፃን ወላጆቹን የማወቅና የእነሱን እንክብካቤ የማግኘት መብት አለው ይላል። አባትየው ቢጠፋም ቀለብ ይጠየቃል። አቤቱታ የሚጽፍላት ካጣች የባህር ዳር ዩኒቨርሲቲ ሕግ ትምህርት ቤት ነፃ የሕግ ድጋፍ ይሰጣል።

እማማ ጥሩ
እኔ ልጄ፣ ለጊዜው አያታቸው ጋ ቢሄዱ አልጠላም። እናታችሁ የለችም?

የሽምብጧ
አለች እማማ፣ ዘጌ ናት። ግን ደክማለች፣ ራሷም ሰው ትፈልጋለች። ልጁም ትምህርት ላይ ነው።

የማህበራዊ ጉዳይ ባለሙያ
እንግዲያው አያት ጋ መላኩ ይቆይ። ትንሿም መከላከያ መድኃኒቷን የምትከታተልበት ጤና ጣቢያ ቢቀርባት ይሻላል።

ቀበሌ ስትሄጂ «እርዱን» ብለሽ ብቻ አትመለሺ። የጎደለውን ለይተሽ ንገሪያቸው፦ የስንት ወር ኪራይ፣ የምግብ ነገር፣ ቀን ትንሿን የሚይዝ ሰው። ከሰማሁት ቤቱ የጎደለው ይኸው ነው፤ እናትነት አልጎደለውም። ሴቶችና ሕፃናት ጉዳይ የሚሠራውን ባለሙያ ጠይቂ፣ ቤት ድረስ መጥቶ አይቶ በጽሑፍ እንዲይዘው። ወረቀት ላይ ያልሰፈረ ነገር ባለሙያ ሲቀየር ይረሳል፣ በደንብ አውቀዋለሁ። የማህበረሰብ ክብካቤ ጥምረት የሚባለውን፣ ለችግረኛ እርዳታ የሚያስተባብረውን ኮሚቴም ጠይቂ። የጤና መድን መክፈል ለማይችሉ ድሆች በነፃ የሚሰጥበት አሠራር አለ፣ ስሟ እንዲገባ ጠይቂ። የሴፍቲኔት (መንግሥት ድሆችን የሚደግፍበት ፕሮግራም) ምዝገባ ካለም እንዳያመልጣት። ባህር ዳር ያለው ኤስኦኤስ የሕፃናት መንደርም ልጆችን መንደሩ ውስጥ ከማሳደግ ሌላ፣ ከእናታቸው ሳይለዩ ቤተሰብን የሚያጠናክር ሥራ አለው። ቦታ ካላቸው ጠይቂ።

«ማሳደጊያ ይሻላቸዋል» የሚል ሠራተኛ ካጋጠመሽ፣ የተባበሩት መንግሥታት በ2009 እ.ኤ.አ. ያጸደቀው መመሪያ ድህነት ብቻውን ልጅን ከቤተሰቡ መለያ ምክንያት መሆን የለበትም እንደሚል ንገሪው። በትህትና ንገሪው እንጂ አትጣዪ፤ ነገም ፊርማው ያስፈልግሻል።

ከሲያትል
እኔ ያለሁበት የዋሽንግተን ግዛት ታኮማ ላይ በ1974 እ.ኤ.አ. «ሆምቢልደርስ» የሚባል ሥራ ተጀምሮ ነበር። ልጅ ሊወሰድበት ወደ ደረሰ ቤት ሠራተኛ ይላካል። አንድ ሠራተኛ በአንድ ጊዜ ሁለት ቤተሰብ አካባቢ ብቻ ነው የሚይዘው። ከ4 እስከ 6 ሳምንት እየተመላለሰ ይቆያል፣ ሌሊትም ቢሆን ይደወልለታል። ልጅ አያያዝም ያስተምራል፣ ኪራይና ምግብም ያፈላልጋል። በ2018 እ.ኤ.አ. የወጣው የአሜሪካ ፌዴራል ሕግ ደግሞ ለማደጎ ይውል ከነበረው የመንግሥት ገንዘብ ለእንዲህ ያለው ሥራም እንዲከፈል ፈቅዷል።

የማህበራዊ ጉዳይ ባለሙያ
ሁለት ቤተሰብ? እንዴት የታደሉ ናቸው! እኛ ጋ አንዷ ባለሙያ ቀበሌውን ሙሉ ነው የምትይዘው። ስለዚህ የሽምብጧ፣ ካልመጣችልሽ ደግመሽ ሂጂ፣ እንዳትከፊ።

የእድር ጸሐፊ
አከራዩን ለእድራችሁ ዳኛ ተዉት። ሁለት ሽማግሌ ይዞ ይግባ፣ መድኃኒቱ እስኪያልቅ ኪራዩ በትንሽ በትንሹ ይከፈል ብሎ ይለምንላት። እኛ ሰፈር ለታመመ ሰው እንዲህ አድርገናል። አከራይ ብቻሽን ስትሄጂና ሽማግሌ ሲገባ የሚመልሰው መልስ አንድ አይደለም።

የሽምብጧ
እግዜር ይስጥልኝ ሁላችሁንም። ሰኞ ፈቃድ ጠይቄ ጠዋት ልጆቹን ጤና ጣቢያ፣ ከዚያ ቀበሌ። የእድሩን ዳኛ ዛሬ ማታ አናግረዋለሁ። ሰውየውን «አንፈርምም» ብዬዋለሁ፣ ተኮሳትሮ ሄደ። የቀረኝ ትንሿን ቀን የሚይዝልኝ ነው።

ሐይቅ ዳር
እኔም ሽምብጥ ነኝ። እናቴ ቀን ቤት ናት፣ የእህቴንም ልጅ እሷ ነች የምትይዘው። አድራሻ እዚህ አትጻፊ፣ በውስጥ አናግሪኝ። ምሳ ግን ቋጥረሽ ላኪላት፣ እሱን ነው የማንችለው።