«ቅጣቱ ተሻሻለ» ማለት ቀነሰ ማለት ነው? የይግባኝና የሴራ ቃላት

ጠያቂ፦
ሰላም የቤቱ ሰዎች። የይግባኝ ዜና ሳነብ ቃላቱ እርስ በርስ ይጣሉብኛል። ዜናው በግርድፉ እንዲህ ዓይነት ነው፦ «ለሽብር ተግባር የሚውል ፈንጂ ለማስገባት በማሴር የተፈረደባቸው ይግባኝ ባዮች ጥፋተኝነታቸው ጸንቶ ቅጣታቸው ተሻሽሏል።» ጸንቶ ካለ ምኑ ነው የተሻሻለው? ዝቅ ሲል ደግሞ «ሴራው ድንበር ላይ ከሽፏል» ይላል። ፈንጂው አልፈነዳ፣ አገር ውስጥ አልገባ፣ ታዲያ በምን ተፈረደባቸው? የሕግ ሰዎች፣ እስቲ በሰው አማርኛ አስረዱን።

ነገረ ፈጅ፦
ይግባኝ «ይገባኛል» ካለበት ቤት የወጣ ቃል ነው። «ይገባኛል» ያረጋግጣል፣ «ይግባኝ» ይጠይቃል። ልዩነታቸው ይኸው ነው።

ወደ ጥያቄህ ስመጣ፣ በወንጀል ጉዳይ ይግባኝ የሚባልባቸው ነገሮች በዋናነት ሁለት ናቸው። አንዱ ጥፋተኛ መባሉ፣ ሌላው የቅጣቱ ልክ። ስለዚህ አንዱ ሳይነካ ሌላው ሊለወጥ ይችላል። ጥፋተኝነቱ ጸና ማለት «አድርገሃል» የተባለው እንዳለ ቀረ ማለት ነው። ቅጣቱ ተሻሻለ ማለት ዓመቱ ተቀየረ ማለት ነው። «ተሻረ» ከተባለ ግን የሥር ፍርድ ቤቱ ፍርድ እንዳልነበረ ሆነ።

በ1954ቱ የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ የይግባኝ ጥያቄው ፍርዱ በተሰጠ በ15 ቀን ውስጥ ይቀርባል። ዝርዝር ማመልከቻው ደግሞ የፍርዱ ግልባጭ በደረሰ በ30 ቀን። ጥፋቱን አምኖ የተፈረደበት ሰው ይግባኝ የሚለው በቅጣቱ ላይ ብቻ ነው። ዐቃቤ ሕግም ይግባኝ ይላል፤ ይሄን ብዙ ሰው ይረሳዋል። ተከሳሹ በነጻ ሲለቀቅ ወይም ቅጣቱ ሲያንስበት።

አርታኢዋ፦
ጋሽ ነገረ ፈጅ፣ እዚያ ላይ አንዴ ልግባ። «ተሻሻለ» የምትለዋ ቃል ዜና ክፍል ውስጥ አበሳዬን ታሳየኛለች። በዕለት ተዕለት አማርኛ ጤናው ተሻሻለ፣ መንገዱ ተሻሻለ እንላለን። ተሻለው ማለት ነው። አንባቢ «ቅጣቱ ተሻሻለ» ሲል ያነበበው ቀለለለት ብሎ ነው። ዐቃቤ ሕግ ይግባኝ ብሎበት ከ8 ዓመት ወደ 12 ቢያድግም ፍርድ ቤቱ የሚጽፈው ያው «ተሻሽሏል» ነው። ሰውየው አራት ዓመት ተጨምሮበት እናቱ ስልክ ላይ «እሰይ ተሻሻለለት» ስትባል አስቡት። እኔ ሁልጊዜ «ከፍ ብሏል» ወይም «ዝቅ ብሏል» ብላችሁ ጻፉ እላለሁ። የሚሰማኝ የለም እንጂ።

ሰዋስው ወዳድ፦
ሃሃ፣ ልክ ነሽ እህቴ። እኔ ደግሞ ዓይኔ ያረፈው ሴራ ላይ ነው። ከሴራ ጋር የሚሄዱትን ግሶች ልብ በሉ። ሴራ ይጠነሰሳል፣ ይጎነጎናል፣ ይሸረባል። ሦስቱም ጊዜ የሚወስዱ የእጅ ሥራዎች ናቸው። መሸረብ ሹሩባን የወለደ ግስ ነው፤ ሹሩባ ደግሞ ብቻውን ተቀምጦ ለራሱ አሳምሮ የሚሠራ የለም፣ ሌላ እጅ ይፈልጋል።

«ከሸፈ» ግን ከጠመንጃ ቤት ነው የመጣው። ቃታው ተስቦ ጥይቱ እምቢ ሲል ከሸፈ እንላለን። ስለዚህ «የፈንጂው ሴራ ከሸፈ» ሲባል አንባቢ ሁለት ነገር ሊረዳ ይችላል። ዕቅዱ ተያዘ ወይስ ፈንጂው ተሞክሮ እምቢ አለ? በሕግ ይሄ የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃል መሰለኝ።

ስለ ፈንጂም ልጨምር። ፈነዳ ብለን ፈንጂ፣ ነዳ ብለን ነጂ፣ ወሰደ ብለን ወሳጅ። «ደ»ዋ አድራጊውን ስትሰይም «ጀ» ትሆናለች። ድማሚት ግን መጤ ነው።

ነገረ ፈጅ፦
የሹሩባዋ ነገር ሕጉም ውስጥ አለች። ማሴር ቢያንስ ሁለት ሰው ይፈልጋል። ብቻውን ያሰበ ሰው አቅዷል፣ ተዘጋጅቷል ሊባል ይችላል፤ አሲሯል አይባልም። የቀድሞው የፀረ ሽብርተኝነት አዋጅ ቁጥር 652/2001 በአንቀጽ 4 አምስት ነገሮችን ደርድሯቸው ነበር፦ ማቀድ፣ መዘጋጀት፣ ማሴር፣ ማነሳሳት፣ መሞከር። ለአምስቱም ቅጣቱ የተፈጸመ የሽብር ድርጊት ቅጣት ነበር። ከ15 ዓመት ጽኑ እስራት እስከ ዕድሜ ልክ ወይም ሞት ማለት ነው። አዋጁ በ1176/2012 ተተክቷል።

ጠያቂ «አልፈነዳ፣ አልገባ» ላልከው መልሱ እዚህ ነው። ማሴር ወንጀል የሚሆነው ስምምነቱ ላይ ነው። ፈንጂው እስኪፈነዳ አይጠበቅም። ስለዚህ ይግባኝ ላይ የሚነሳው ክርክር ከፈንጂው ይልቅ ሰዎቹ ጭንቅላት ውስጥ ስላለው ነገር ነው። ሾፌሩ የጫነውን ያውቅ ነበር? ገንዘብ የላከው ለምን እንደሚውል ተነግሮታል? ዕቃው ለሽብር ነው፣ ለንግድ ነው ወይስ ለካባ ድንጋይ ማፍረሻ? የመጨረሻው ቀልድ እንዳይመስላችሁ። ድማሚት ካባ ላይ ይሠራል። ፈንጂ ያለፈቃድ መያዝ ራሱን የቻለ ወንጀል ነው። ለሽብር ነው ለማለት ግን ዓላማው መረጋገጥ አለበት።

አርታኢዋ፦
እኛ ግን በተያዙ ማግስት «የሴራው ጠንሳሾች» ብለን እንጽፋለን። ሴራ ስትል ፈርደህ ጨርሰሃል እኮ። መልካም ሴራ የሚባል ነገር የለም።

ክስታኔው፦
በኛ ቤት አለ! በክስታኔ ጉራጌ ሴራ ማለት ሕግ፣ ሥርዓት ነው። የጎርደና ሴራ ስንል አባቶች ተቀምጠው የደነገጉትን ነው። ሀላባዎችም የዘመን መለወጫ በዓላቸውን ሴራ ይሉታል። አዲስ አበባ መጥቼ «ሴራ አለባቸው» ሲባል ስሰማ «ሥርዓት ያላቸው ሰዎች ናቸው» ብዬ ገምቼ ነበር 😄

ሰዋስው ወዳድ፦
ይሄ ወርቅ ነው ወንድሜ። እሺ፣ «አድማ» የምትለዋ ቃልስ? ጠያቂ አልጠየቀም እንጂ የሴራ ጎረቤት ናት። በአሁኑ ጆሮ አድማ ሥራ ማቆም ነው፣ አድማ በታኝ ፖሊስ ነው፣ ሲቀጥን ደግሞ «ቢሮ ውስጥ አደሙብኝ» ነው። ሰዎቹ ፊት ለፊት ይታያሉ። ሴራ ግን መጋረጃ ይፈልጋል። ለፈንጂው ጉዳይ ሴራ ትሻላለች እላለሁ።

ጠያቂ፦
እሺ ገባኝ። ግን ስምምነት በዓይን አይታይም። እጅ ከፍንጅ እንዴት ይያዛል?

ነገረ ፈጅ፦
ጥሩ ጥያቄ። እጅ ከፍንጅ የሚያዘው ዕቃው ነው። ውሉ አይያዝም። ስለዚህ ዐቃቤ ሕግ ብዙ ጊዜ የሚያመጣው የአካባቢ ማስረጃ ነው። ይቺን ቃል የሰማ ሁሉ የሰፈር ሰው ምስክርነት ይመስለዋል። አይደለም። አካባቢ እዚህ ላይ ፍሬ ነገሩን የከበበው ሁኔታ ነው። የስልክ ልውውጡ፣ የተላከው ገንዘብ፣ የተከራየው መኪና፣ ሌሊት የተከፈተው መጋዘን። እያንዳንዱ ብቻውን ምንም አይልም። ይግባኝ ባዩ የሚለፋው ሰንሰለቱ የቱ ጋ እንደተበጠሰ ለማሳየት ነው። ስልኩ ተደውሏል፣ ግን ስለ ምን? ገንዘቡ ተልኳል፣ ግን የቆየ ብድር ቢሆንስ? ሁኔታዎቹ ከጥፋተኝነት ውጪ ሌላ አሳማኝ ትርጉም ካላቸው ፍርዱ መናጋት ይጀምራል።

አርታኢዋ፦
«በድብቅ ማስገባት»ን ኮንትሮባንድ የሚሉትንስ? ከጣልያን የመጣች ቃል ናት፣ ለጨርቅና ለኤሌክትሮኒክስ ትመቻለች። ቀረጥ ሸሽቶ የገባ ነገር ማለት ነው። «የፈንጂ ኮንትሮባንድ» ሲባል ግን ሰዎቹ የተከሰሱት ቀረጥ ባለመክፈል ይመስላል። እኔ «አሾልኮ ማስገባት» እላለሁ። ወይም እንደ ፖሊስ መግለጫ «ሕገ ወጥ ዝውውር»። ትንሽ ደረቅ ናት፣ ግን አታሳስትም።

ጠያቂ፦
የመጨረሻ ጥያቄ። «ሰበር ሰሚ ችሎት ያስቀርባል አለ» የሚል ዜናም አየሁ። አሸነፉ ማለት ነው?

ነገረ ፈጅ፦
አላሸነፉም። መጀመሪያ ሰበርን እንለይ፤ ከሰበር ዜና ጋር ዝምድና የላትም። ያቺ ከእንግሊዝኛ፣ ይቺ ከፈረንሳይኛ የተቀዳች ናት፣ ሁለቱም «ሰበረ» ላይ ተገናኙ። ሰበር ሁለተኛ ይግባኝ አይደለም። ይግባኝ ፍሬ ነገሩንም ሕጉንም ይመረምራል። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 80 መሠረት ሰበር የሚያየው መሠረታዊ የሕግ ስህተት ያለበትን የመጨረሻ ውሳኔ ነው። «ሾፌሩ ያውቅ ነበር ወይ» ብሎ እንደገና ምስክር አይሰማም። «ማሴር የሚባለው ምን ሲሟላ ነው» የሚለውን ግን ያያል።

«ያስቀርባል» ማለት ደግሞ አቤቱታው የሚያነጋግር ነገር አለው፣ ሌላኛው ወገን ተጠርቶ መልስ ይስጥ ማለት ብቻ ነው። የዐቃቤ ሕግ መልስና የአመልካቹ የመልስ መልስ ይከተላል። ዜናው «ያስቀርባል» ብሎ ካቆመ ፍርዱ ገና ነው።